ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ፦ ያለ አፈር የአበባ ኮረት ማልማት በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ

ግላዲዮለስ በኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) በተሞላ ባልዲ ውስጥ ደምቆ ሲያብብ ያየ ሰው ማብቀያውን ያደንቃል። የመጀመሪያውን ዙር አበባ የሰጠው ግን በአብዛኛው ተገዝቶ የመጣው ኮረት ነው። የአበባ ኮረት እንደ ቀይ ሽንኩርት ራስ ስንቁን በውስጡ ይዞ ይተከላል። ቅጠሉን ለማውጣትና አበባውን ለመዘርጋት የሚያስፈልገው ምግብ አብዛኛው ከዚያው ከራሱ ይመጣል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከሚመረተው የተቆረጠ ቱሊፕ ትልቅ ድርሻ ያለው አፈርም ኮኮፒትም ሳይነካው፣ በትሪ ላይ ተሰክቶ በውሃ ያብባል። አበባው ሲሸጥ ኮረቱ ይጣላል።

የማብቀያው ሥራ የሚለየው ከአበባው በኋላ ነው። የግላዲዮለስ እናት ኮረት አብቦ ሲጨርስ ይጨማደድና ይሞታል፤ በላዩ ላይ አዲስ ኮረት፣ በዙሪያው ደግሞ ጥቃቅን ልጆች ይተካሉ። ቱቤሮስ የተባለው አበባም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ያበበው ኮረት ዳግመኛ አያብብም፣ የሚቀጥለው ዙር የጎን ልጆቹ ነው። እነዚህ ተተኪዎች የሚሞሉት ቅጠሉ በሚሠራው ምግብና ሥሩ በሚያገኘው አየር፣ ውሃና ማዕድን ነው። ሥር በታፈነበት ወይም በተጠማበት ማብቀያ ውስጥ የዘንድሮው አበባ ሊያምር ይችላል፤ የሚወጣው ኮረት ግን ያንሳል፣ የከርሞው አበባም ይቀራል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ወይም አማካሪ መጥቶ ያለ አፈር ያበበ አበባ ፎቶ ቢያሳይዎ፣ የተነቀለውን ኮረት ክብደት ይጠይቁት። ለዚያ መልስ ከሌለው ገና ምንም አላሳየዎትም።

አፈርዎ በእርግጥ ችግር አለበት?

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። የቀወት ወረዳና ዙሪያው በሽንኩርት፣ በማሾ፣ በማንጎና በትምባሆ የታወቀ ምድር ነው። በወንዞቹ ዳር ያለው ደለል ቀላልና ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ነው። ሽንኩርት በደንብ ራስ የሚይዝበት ማሳ ለቱቤሮስም ለግላዲዮለስም ይመቻል። እንዲህ ያለ መሬት ያለው ሰው ኮኮፒት ለመግዛት መበደር የለበትም።

ወደ ሜዳው ገባ ሲሉ የሚያገኙት ዋልካ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ኮረት በክረምት ይታፈንበታል፣ በበጋ ሥሩ ይቆረጥበታል። ኮረቱን ሲነቅሉም አብሮ የሚወጣው ጭቃ ማጠብና ማድረቅን ሥቃይ ያደርገዋል። ሌላው እውነተኛ ምክንያት በሽታ ነው። ለዓመታት ሽንኩርት ብቻ በተመላለሰበት ማሳ ውስጥ የኮረትን መቀመጫ የሚያበሰብሱ ሻጋታዎች ተጠራቅመው ሊሆን ይችላል። ያለ አፈር ማልማት ትርጉም የሚኖረው በዋናነት በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ነው። ሦስተኛው ምክንያት ቦታ ማጣት ነው፤ በከተማው ውስጥ ጓሮ ብቻ ላለው ሰው።

የትኛው አበባ ነው ሙቀቱን የሚችለው?

ማብቀያ ከመምረጥዎ በፊት ይህን ይጨርሱ፤ የተሳሳተ አበባን የትኛውም ማብቀያ አያድነውም።

ለይፋት ቆላ የመጀመሪያ ምርጫዬ ቱቤሮስ ነው። ትውልዱ ሜክሲኮ ነው፤ ሕንድ ውስጥ በሰፊው ይለማል፤ በጎረቤታችን ኬንያም አነስተኛ ገበሬዎች ለውጭ ገበያ ያመርቱታል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማዋል፤ ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ያብባል፤ ማታ ማታ የሚበረታ ሽታው ለአዳራሽና ለቤት ይፈለጋል። ሙቀቱ ወደ 40 ሲጠጋ ግን የአበባው ዘንግ ያጥራል።

ግላዲዮለስ በበጋ ብቻ ይሞከር። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የቆላው ሙቀት የሚበርድበት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሠርግ ወቅት ጋር ይገጥማል። በቆላ ሙቀት ከ75 እስከ 90 ቀን ቢፈጅ ብለን ብናሰላ፣ በጥቅምት አጋማሽ የተተከለ ኮረት ለጥር ይደርሳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለሚቆም ዘግይቶ የሚያብብ ዘንግ ገዢ ያጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመትከል በየሳምንቱ ከፋፍሎ መትከል ይሻላል።

ሂፒያስትረም (ብዙ ሰው አማሪሊስ የሚለው) ከፊል ጥላ ካገኘ ቆላውን ይችላል። አንድ ሦስተኛው ኮረት ከማብቀያው በላይ ሆኖ ይተከላል። ይሁንና በአንድ ጊዜ እኩል እንዲያብብ ከፈለጉ የማቀዝቀዣ ጊዜ ይጠይቃል።

ሊሊና ቱሊፕ ለሸዋ ሮቢት አይሆኑም። ጣርማ በርን ወጥተው 2,840 ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን በግምት 10 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች፤ ሊሊ እዚያ የተሻለ ዕድል አለው። ለቱሊፕ ግን ደብረ ብርሃንም ብቻዋን አትበቃም። ቱሊፕ ከ9 ዲግሪ በታች ለ12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ መቆየት ይፈልጋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ቢጥልም ቀኑ ይሞቃል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ ክፍል የግድ ነው።

የሚሸጡት አበባ ነው ወይስ ኮረት?

በዚህ ጥያቄ ላይ ጊዜ እንዲወስዱ እለምንዎታለሁ። የተቆረጠ አበባ ነገ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። የይፋት ሰው ደግሞ መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ግጭትና ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዓመታት በደንብ አውቆታል። አበባ የጫነ መኪና ለሁለት ቀን ከቆመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የደረቀ ኮረት ግን ይጠብቃል። በነፋሻ ጥላ ውስጥ ተሰጥቶ፣ ተለይቶ፣ በሣጥን ተደርድሮ መንገድ እስኪከፈት ሊቆይ ይችላል።

ሽንኩርትን የማድረቅ፣ በመጠን የመለየትና አየር በሚገባበት መደብ ላይ የማቆየት ዕውቀት በአካባቢው ገበሬ እጅ ያለ ነው።  ስለዚህ እኔ ብሆን ዋናውን ገቢ ከኮረት፣ ተጨማሪውን ከአበባ አስባለሁ። ይህን ከወሰኑ ደግሞ የማብቀያ ወጪ ትርጉም ያገኛል፤ ማብቀያው የሚጠቅመው ኮረቱን ነውና። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ አዲስ የተነቀለ የግላዲዮለስ ኮረት ያንቀላፋል፤ ለሁለትና ሦስት ወር ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልቆየ እኩል አይበቅልም። ማቀዝቀዣ የሚያከራይ ሰው አስቀድመው ያግኙ፤ ካላገኙ ቱቤሮስ ላይ ይቆዩ።

ውሃዎ በየስንት ቀኑ ነው የሚመጣው?

ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ነው። በወንዝ ጠለፋ መስኖ የሚጠቀም ገበሬ ውሃ የሚያገኘው የውሃ አባቱ ባወጣው ተራ ነው። ዋልካ ወይም ደለል አንዴ ከጠጣ ለቀናት ይይዛል። ቀይ ጠጠር (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ግን በሞቃት ቀን በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ ኮኮፒትም ከእርሱ የተሻለ ቢይዝ በየቀኑ መጠጣት ይፈልጋል። በተራ የሚመጣ ውሃና በየቀኑ የሚጠማ ማብቀያ ያለ ማጠራቀሚያ አብረው አይሄዱም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሞቃት ወራት አንድ ካሬ ሜትር በቀን 6 ሊትር ያህል ቢፈልግ፣ 100 ካሬ ሜትር 600 ሊትር ይፈጃል። ተራዎ በሳምንት አንዴ ከሆነ 4,200 ሊትር፣ ጨው እንዳይጠራቀም በመጠኑ አትርፎ ማጠጣትን ሲጨምሩ ደግሞ 5,000 ሊትር የሚይዝ ጂኦሜምብሬን የለበሰ ኩሬ ወይም ታንከር ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ከማብቀያው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል መጀመሪያ መጻፍ ያለበት እርሱ ነው።

ጥራቱም አለ። በክረምት ወንዙ ደለል ይዞ ስለሚወርድ የጠብታ መስኖን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ማጥለያና የማዝቀጫ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ከወንዙ ላይኛው ማሳ የሚታጠብ በሽታም ከውሃው ጋር ይመጣል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ጨዋማነቱንና ፍሎራይዱን ያስመርምሩ። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ግላዲዮለስ ደግሞ ለዚህ ንጥረ ነገር እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ሌላው ዓለም የአየር ብክለትን ለመለየት ይተክለዋል፤ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል። ፐርላይት የተባለው ማብቀያና ሱፐርፎስፌት ማዳበሪያም ፍሎራይድ አላቸውና ለግላዲዮለስ አላደርጋቸውም። ቢሾፍቱ ያለው የሆርቲኩፕ ኢትዮጵያ ላቦራቶሪ የአፈርና የውሃ ምርመራ ለሚፈልግ አንድ አማራጭ ነው።

ማብቀያውስ?

ኮኮፒት ከሕንድና ከስሪ ላንካ የሚመጣ የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ነው። አምስት ኪሎ የሚመዝን ጡብ ሲርስ ከ65 እስከ 70 ሊትር ይወጣዋል። ውሃ በደንብ ይይዛል፣ አየርም አያሳጣም። ሁለት ጉድለቶች አሉት። ከባሕር ዳርቻ ስለሚመጣ ሶዲየምና ክሎራይድ ሊኖርበት ይችላል፤ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ፣ ከዚያም በካልሲየም ናይትሬት መዘፍዘፍ አለበት። ሳይታጠብ የገባ ኮኮፒት የኮረቱን ሥር ገና በጫፉ ያቃጥላል፤ ማንም ቢቸኩልብዎ ይህን ደረጃ እንዳይዘሉት። ሁለተኛው ዋጋው ነው። በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከዚያ በፊት የተሠራ የትርፍ ሒሳብ ቢያሳዩዎ ይመልሱት።

ቀይ ጠጠር፣ ብሎኬት አምራቾችና መንገድ ሠራተኞች ሬድ አሽ የሚሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የአገራችን ሀብት ነው። በስምጥ ሸለቆ በኩል በየኮረብታው ይቆፈራል። አይበሰብስም፣ ለዓመታት ያገለግላል፣ ለሥር አየር በመስጠት ተወዳዳሪ የለውም። ከሁለት እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር የሆነውን በወንፊት ይለዩ፤ ዱቄቱን ካላጠቡ ከታች ተጠራቅሞ ውሃ ያግዳል። ምግብ የለውም፣ ውሃም ብዙ አይዝም፤ ብቻውን ለይፋት በጋ ይከብዳል። የሚያስወድደው የጭነት ዋጋው ነው። በመኪና ሳይሆን በሜትር ኩብ ዋጋውን ይጠይቁ።

ሰጋቱራ ርካሽ ነው። ትኩሱ ግን ናይትሮጂን ይሻማል፤ የባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ሥርን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለበት። ለወራት ካልበሰበሰ አይንኩት። ከአፋር በኩል የሚመጣው የፕሮሶፒስ ከሰል ድቃቂ በጥቂቱ፣ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል፣ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ ከበዛ አሲዳማነቱን አጥፍቶ ብረትና ማንጋኒዝ ለተክሉ እንዳይደርሱ ያደርጋል። የወንዝ አሸዋ ከታጠበ ይሆናል። ያልበሰለ ፍግ በፍጹም አይሁን፤ በሙቀት ውስጥ የኮረት አንገት የሚያበሰብስ ሻጋታ ይጠራል።

ፍርዴን ልስጥ። ለዋልካ መሬት፣ ለቱቤሮስ የምመርጠው ሁለት እጅ ቀይ ጠጠርና አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ወይም የታጠበ ኮኮፒት ነው። የሚሞላውም በባልዲ ሳይሆን፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው፣ ፕላስቲክ ለብሶ ከግርጌው መፍሰሻ በተበጀለት የመሬት መደብ ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ወይም ባልዲ ፀሐይ ላይ ሲቆም በውስጡ ያለው ማብቀያ ከአየሩም በላይ ይግላል፤ በግድግዳው በኩል ያለው ሥር ይቀቀላል። መሬት ውስጥ የተቀበረ መደብ ግን በዙሪያው ያለው አፈር ያበርደዋል። በባልዲ ከጀመሩ ነጭ ይሁን ወይም ኖራ ይቀቡት። ላዩን የጤፍ ጭድ ያልብሱት። ግላዲዮለስና ቱቤሮስ ሙሉ ብርሃን ስለሚፈልጉ ሼድ ኔት በላያቸው አይዘርጉ፤ ብርሃን ያነሰው ግላዲዮለስ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ማዳበሪያና በሽታ

ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚወስዱት ኤንፒኤስና ዩሪያ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ኤንፒኤስ በውሃ ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ጠብታውን ይደፍናል፤ ዩሪያን ወደሚጠቅም መልክ የሚለውጡት ተሕዋስያን ደግሞ በታጠበ ጠጠር ውስጥ ጥቂት ናቸው። እንደ ካልሲየም ናይትሬትና ፖታሲየም ናይትሬት ያሉ የሚሟሙ ማዳበሪያዎች ያስፈልጋሉ። እነዚህን በቋሚነት የሚያቀርብ ሻጭ ሳያገኙ አይጀምሩ፤ አፈር ለሁለት ሳምንት ቢዘገዩበት ይታገሣል፣ ጠጠር አይታገሥም።

አፈር አለመጠቀም በሽታን ሁሉ አያስቀርም። የግላዲዮለስ ዋና ጠላት የሆነው ፉዛሪየም የተባለ ሻጋታ የሚጓዘው በኮረቱ ውስጥ ነው። ከመትከልዎ በፊት ልጣጩን ገልጠው መቀመጫውን ይዩ፤ ቡናማ ጠባሳ ወይም ልስላሴ ያለበትን ያቃጥሉ። ትሪፕስ የተባለው ተባይ ከሽንኩርት ማሳ ይሻገራል። የባቄላ ቢጫ ሞዛይክ ቫይረስ የሚባለው ግላዲዮለስን የሚያጠቃ ሲሆን የሚያዛምተው ክሽክሽ ነው፤ መጠለያዎቹ የጥራጥሬ ተክሎች ናቸው። ማሾ በሚበዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ስለሆነ መደብዎን ከማሾ ማሳ ያርቁ። ከዙር በኋላ ጠጠሩን አርጥበው፣ በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ሸፍነው በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያቆዩት። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ለዚህ ይበቃል፤ ሌላው በኬሚካል የሚሠራውን እርስዎ በነፃ ያገኙታል።

ሕግና ደኅንነት

ከውጭ ኮረት ማስገባት የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን ፈቃድና ከላኪው አገር የጤና ማረጋገጫን ይጠይቃል። በሻንጣ የመጣ ኮረት አይቀበሉ፤ በሽታን በአካባቢው ሁሉ ሊያሰራጭ ይችላል። በተለምዶ የጅብ ሽንኩርት ከሚባሉት የዱር ኮረቶች መካከል ውብ አበባ ያላቸው አሉ። እነርሱን ከዱር ነቅሎ ወደ ንግድ ማውጣት ግን ጉዳት ነው፤ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይገዛል።

የሂፒያስትረም ኮረት መርዝ አለበት፤ የበላ ሰው ክፉኛ ያስመልሰዋል። ሽንኩርት በየቤቱ በሚከማችበት አካባቢ የአበባ ኮረት ከሽንኩርት ጋር በአንድ ጎተራ እንዳይቀመጥ፤ በቀለም በተለየ ሣጥን፣ ከወጥ ቤት ርቆ ይቀመጥ። ይህን ለልጆችና ለሠራተኛ ሁሉ ይንገሩ።

በትንሹ ይሞክሩ

አንድ ዙር ሙከራ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው 80 ኮረቶች ይግዙ፤ አራት ቦታ ከፍለው 20 በራስዎ አፈር፣ 20 በጠጠር ብቻ፣ 20 በጠጠርና ብስባሽ፣ 20 በኮኮፒት ይትከሉ። ሲተክሉ እያንዳንዱን ቡድን ይመዝኑ። የበቀለበትን ቀን፣ የዘንጉን ርዝመትና በዘንግ ላይ ያሉትን እምቡጦች ይመዝግቡ። አበባውን ሲቆርጡ ቢያንስ አራት ቅጠል ይተዉ፤ ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ውሃውን አያቋርጡ፤ ከዚያ ነቅለው፣ አድርቀው እንደገና ይመዝኑ። የምርምር ድጋፍ ከፈለጉ በሸዋ ሮቢት የሙከራ ቦታ ያለውን የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልን ያነጋግሩ።

በራስዎ አፈር የወጣው ኮረት በኮኮፒት ከወጣው ጋር እኩል ከመዘነ፣ ገንዘብዎን ለኩሬውና ለጥሩ ኮረት ያውሉት። ጠጠሩ ያወጣው ኮረት ከተተከለበት ክብደት በታች ከሆነ ደግሞ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር መደቡን አያስፋፉ።